ያልወጣሁበት አራተኛው እሁድ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ይተርፍ አይተርፍ እስከ ሐሙስ አይታወቅም። ሐኪሙ ያለው ይህን ብቻ ነው። ከድር ሁለት ጊዜ ጠየቀው፣ ሁለት ጊዜም ያንኑ መለሰ።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ። ነጂብ ትናንት እሁድ ጠዋት ብቻውን በብስክሌት ወጣ። በአምስተኛው መስመር ነው የሄደው። ከላይኛው መንደር ሲመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ የባሕር ዛፍ ኩርባ የምንለው ቦታ ሽቅብ ከሚወጣ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ሾፌሩ ራሱ ጭኖ ሆስፒታል አደረሰው። ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ ሄዶ እጁን ሰጠ። ስሙ ዱካሞ ነው ይላሉ። አሁንም እዚያው ነው።

ነጂብ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር የብስክሌት ዕቃ መሸጫ አለው። ከጋዜጠኝነት ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት አብረን እንነዳለን። ዳገት ሲመጣ ቀድሞኝ ይወጣና አናቱ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ጋዜጣው ገና ማተሚያ ቤት ነው እንዴ?» እያለ ይጠብቀኛል።

መስመሮቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰባት ናቸው፣ በአንድ ታጣፊ ወረቀት ላይ። ከከተማው ወጥተው በኮረብታዎቹና በመንደሮቹ መካከል የሚያልፉ የጠጠር መንገዶች። አስፋልት ላይ ከባጃጅና ከሚኒባስ ጋር መጋፋት የሰለቸው ሰው እንዲነዳባቸው ብዬ ነው። ስለ አምስተኛው የጻፍኩት ይኸው፦

«ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ጫፍ ተነስቶ ድልድዩን ይሻገርና በእንሰትና በቡና ጓሮዎች መካከል ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አይለየውም። ከላይኛው መንደር ሐይቁ በሙሉ ይታያል። እሁድ ቀን መኪና የለም።»

ከታች ስሜ አለ።

ከድር የነጂብ ታላቅ ወንድም ነው፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ። ኮሪደሩ ላይ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። የነጂብ ቅጂ ነው፣ አንዱ ጠርዝ ደም ነክቶታል። «ሾፌሩ ገበያ እየሄድኩ ነበር ይላል» አለኝ። «እሁድ የምን ገበያ? ኬላ ሊያመልጥ ነው በዚያ የገባው። መርማሪውም የጠረጠረው ይህንኑ ነው። አርብ መጥተህ ቃልህን ስጥልኝ ጋሼ። አንተ የጻፍከውን የማያምን የለም።»

እሰጣለሁ አልኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ጠዋት የመንገድ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። አምስተኛውን መስመር የነዳሁባቸው ቀናት ተጽፈዋል፦

መስከረም 19፣ እሁድ። መኪና የለም። ሁለት አህያ፣ አንድ ሞተር ብስክሌት።

መስከረም 26፣ እሁድ። መኪና የለም። መንገዱ ደርቋል። የውኃ መጠጫ፦ ኩርባው ላይ ያሉት ሽማግሌ፣ ደግ ሰው።

ጥቅምት 3፣ እሁድ። መኪና የለም። ሐይቁ ጥርት ብሎ ታየ።

እሁድን የመረጥኩት አንባቢው የሚወጣው እሁድ ስለሆነ ነው። ጋዜጣ ቤት ሳለን አንድን ነገር ከሦስት ቦታ ሳናረጋግጥ አናወጣም ነበር። ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ደብተሩን ስዘጋ ቀለል አለኝ።

ከዚያ ብስክሌቱን ለማየት ወደ ፖሊስ ግቢ ሄድኩ። የፊት ጎማው ተጣጥፏል። መሪው ዞሮ ወደ ኋላ ያያል። ፍሬኑ ደህና ነው። ለምን ፍሬኑን እንዳየሁ አላውቅም። አየሁት ግን፣ ደህና ነው።

በሩ ላይ አንዲት ሴት ምሳ ዕቃ ይዛ ቆማለች። ዘበኛው ወደኔ እየጠቆመ አንድ ነገር ነገራት። መጣች። የዱካሞ ሚስት ናት። አማርኛዋ ይቆራረጣል፣ እያንዳንዱን ቃል መርጣ ነው የምታወጣው።

«ወረቀት የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ገበያ ነበር» አለች። «ባለቤቴ አይዋሽም። ጥሩንባም ነፍቷል።»

እሁድ ሦስት ጊዜ ወጥቼ መኪና እንዳላየሁ ነገርኳት። በትሕትና ነው የነገርኳት፣ ለራሴ እንደዚያ መሰለኝ። ምሳ ዕቃውን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች።

«ገበያው እሁድም ይውላል፣ ሰኞም ይውላል። እርስዎ የመጡ ቀን አልዋለም ይሆናል።»

ምሳ ዕቃውን ተቀበሏትና ሄደች። እኔ ከብስክሌቱ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ነጂብ ዛሬም ትኩሳት አለው። ይነቃል፣ ይተኛል። ሰው አያስገቡም።

የሴትየዋ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። እሁድም ይውላል፣ ሰኞም ይውላል።

እናቴ ከዚያ ኮረብታ ወገን ናት። ሰባት ዓመቴ ሳይሞላ ነው ወደ ከተማ የገባነው። እዚህም ከገባን በኋላ ለሰው ቀጠሮ ስትሰጥ በሰባት ቀን ሳምንት አትቆጥርም ነበር። የሷ ሳምንት አራት ቀን ነው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ገበያ አለው። ታች ያሉት ገበያዎች ዛሬ ወደ ሰባት ቀን ዞረዋል፣ ማክሰኞ ገበያ፣ ቅዳሜ ገበያ እየተባሉ። ላይ ያሉት ሁሉ ግን አልዞሩም ይሆናል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ኮረብታው ላይ ስወጣ ግን ይህን የሚያውቀው ሰው አልነበርኩም።

የደብተሩ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ቆጠርኩ። አራትና ሰባት አብረው አይሄዱም። ከእሁድ እስከ እሁድ ሰባት ቀን ነው፣ በአራት ሲቆጠር አንድ ቀን ይጎድላል። ስለዚህ ገበያው በየእሁዱ አንድ አንድ ቀን ይሸሻል። ሦስት እሁድ የሄደ ሰው ከአራቱ ቀን ሦስቱን ብቻ ነው የሚያየው። ገበያው ያለው በአራተኛው ከሆነ፣ ሦስቱንም ጊዜ ባዶ መንገድ ያገኛል። አራተኛው ጥቅምት 10 ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የገበያ እሁድ ስምንተኛው ነው። ስምንተኛው ኅዳር 8 ነው፣ ያለፈው እሁድ።

ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ መሆኑን ሳስተውል እርሳሱን አስቀመጥኩ።

ጥቅምት 10 የት ነበርኩ? ባለቤቴ ታደለች ሳታስብ መለሰችልኝ። «ቤተ ክርስቲያን። አጠገቤ። እኔ ነኝ የያዝኩህ።» እውነት ነው። ያን ጠዋት ብስክሌቱን ሳወጣ በሩ ላይ ቆማ «ሦስት እሁድ ከጌታ ቤት ቀርተሃል ማቲ። ኮረብታው የትም አይሸሽም» ብላኝ ነበር። እኔም ሦስት ይበቃል ብዬ ብስክሌቱን መለስኩት።

«ምን ተሰበከ ያን ቀን?» አልኳት።

ሽንኩርት ከቅርጫቱ አወጣች። «አላስታውስም።»

እኔም አላስታውስም። ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች፣ ለምሳ የሚበቃ ከተከተፈ በኋላም አላቆመችም።

ስሌት ምስክር አይደለም። ስሌቱ ትክክል ከሆነ ገበያው ነገ ሐሙስ ይውላል። ነገ ወጥቼ አያለሁ። መንገዱ ባዶ ይሆን ዘንድ እንደምመኝ እዚህ ልጻፍ፤ ሌላ ቦታ የምጽፈው አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ድልድዩን ሳልሻገር አወቅኩ። ሴቶች ጭነት አዝለው፣ ወንዶች ፍየል እየጎተቱ፣ አህዮች የቀርከሃ ጭነታቸው መንገዱን ግራና ቀኝ እየጠረገ፣ ሁሉም ወደ ላይ። ከኋላዬ የመጀመሪያው የጭነት መኪና ጥሩንባ ነፋ። ከብስክሌት ወርጄ አሳለፍኩት። አቧራው ሲረግፍ ሁለተኛው መጣ።

የቀረውን በእግሬ እየገፋሁ ነው የወጣሁት። ቀኑ ልክ እንደጻፍኩት ነው፣ ፀሐይ ነው፣ የእንሰቱ ቅጠል ያበራል፣ ከታች ሐይቁ ይታያል። በደረቅ ጠጠር ላይ የተበተነ የመስታወት ስብርባሪ ኩርባው ላይ አገኘሁ። የመኪናው የፊት መብራት ነው። አንድ ሰው በእግሩ ወደ ዳር ጠርጎታል።

ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጬ ቆጠርኩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ የጭነት መኪና፣ ባዶአቸውን ወይም ሰውና ጨው ጭነው ሲወጡ፣ አቮካዶ ጭነው ሲወርዱ። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። እያንዳንዱ ኩርባው ላይ ሲደርስ ረጅም ጥሩንባ ይነፋል።

ያ ውኃ የሰጡኝ ሽማግሌ ቤታቸው ከኩርባው በላይ ነው። አቶ ሀመሶ ይባላሉ። ስማቸውን ገና ዛሬ ነው የጠየቅኩት። የተነጋገርነው በእናቴ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ ነው። የኔ ምላስ ዝጓል፣ ስሳሳት እያረሙ ያዳምጡኛል።

«ገበያው ሁልጊዜ በአራት ቀን ነው?»

«ከአያቴ ጀምሮ። ሰባት ቀን የምትቆጥሩት እናንተ ታች ያላችሁት ናችሁ።»

«እሁድ ዕለት ነበር ማለት ነው።»

«ነበር። ልጁን ከመኪናው ሥር ያወጣነው እኛ ነን። በጣም ፈጥኖ ነበር የሚወርደው፣ መሀል መሀሉን። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፍቷል። እኔ እዚህ ቆሜ ሰምቻለሁ።» የብስክሌቴን መሪ በጣታቸው ነካ አደረጉ። «አንተን አውቅሃለሁ። ሦስት ጊዜ መጥተሃል። ይህን ከዚያ ግንድ ጋር አስደግፈህ ትጽፍ ነበር። ውኃ ጠየቅከኝ፣ ሰጠሁህ። ፎቶ ላንሳ አልከኝ፣ አንሳ አልኩህ። ስለ መንገዱ ብትጠይቀኝ ደግሞ እነግርህ ነበር።»

አልወቀሱኝም። የሆነውን ነው የተናገሩት። አርባ ዓመት ሰው ስጠይቅ የኖርኩ ነኝ፤ እኒህን ሰው ውኃ ብቻ ጠየቅኳቸው።

እየወረድኩ ሳለ ታደለች ደወለች። እግሩን ቆርጠውታል። ከጉልበት በታች።

ብስክሌቱን ዳር አቁሜ ተቀመጥኩ። አንድ መኪና ጥሩንባ እየነፋ አለፈኝ፣ ሾፌሩ ደህና መሆኔን በእጁ ጠየቀኝ። እጄን አነሳሁለት።

አርብ፣ ኅዳር 13

ቃሌን ሰጠሁ።

መርማሪው ወጣት ነው፣ ከሌላ ዞን በቅርቡ የተዛወረ። ከድር ከጎኔ ተቀምጧል፣ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ። ትናንት ማታ በስልክ ልነግረው ፈልጌ ነበር። እግሩ በተቆረጠበት ቀን አልችልም ብዬ ተውኩት። ያ ሁለተኛው ስሕተቴ ነው። መርማሪው ፊት እንዲሰማው ማድረግ አልነበረብኝም።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ስሕተት ነው።»

ስለ አራቱ ቀን አስረዳሁ። ደብተሬን አሳየሁ፣ ሦስቱን እሁድና የትናንቱን አሥራ አንድ መኪና። የአቶ ሀመሶን ስምና የቤታቸውን ቦታ ሰጠሁ። ሾፌሩ ገበያ እየሄደ ነበር፣ ኬላ አላመለጠም፣ ከአያቶቻችን ጀምሮ ገበያ በሚኬድበት መንገድ ነው የሄደው አልኩ።

መርማሪው ጽፎ ሲጨርስ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሰው ልከን ልናጣራ ነበር» አለ። «የእርስዎ ወረቀት መጣና ተውነው። የታተመ ነው፣ ስምም አለው አልን።»

ፈረምኩ።

ከድር ግቢው ውስጥ ደረሰብኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ነጋዴ ነው፣ ሰው በሚያይበት አይጮህም።

«ለኛ እንድትመሰክር ነበር የጠራሁህ።»

«ያየሁትን ነው የመሰከርኩት ከድር።»

«ያየኸውን መጀመሪያውኑ መጻፍ ነበር።»

ጥቂት ጠበቀኝ፣ መልስ ካለኝ ብሎ ይመስለኛል። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ወረቀቱን ስሰበስብ ዋልኩ። ብስክሌት የሚያከራዩት ጋ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ሻይ ቤት፣ ሁለት ሆቴሎች፣ የነጂብ ሱቅ። ሱቁ ተዘግቷል። ከመስታወቱ በስተውስጥ አንዱ ቅጂ ተለጥፏል፣ ነጂብ አጠገቡ በቀይ እስክሪብቶ «የጋሼ ሥራ ነው፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ንዱ» ብሎ ጽፎበታል። መስታወቱን ማንኳኳት አማረኝ፣ ማን ይከፍትልኛል ብዬ ተውኩት።

ሻይ ቤት ያለችው አስተናጋጅ ያላትን ስትመልስልኝ «አዲስ ሊወጣ ነው?» አለችኝ። ስሕተት አለበት አልኳት። «ሁሉም ላይ?» አንዱ ላይ አልኳት። «ታዲያ ያን አንዱን በእስክሪብቶ አይሰርዙትም?» ከሰዓት በኋላ የቀሩትን እንደሷ ምክር በእስክሪብቶ ሰረዝኩ። የተሸጡትን፣ የተሰጡትን፣ ሰው ኪስ የገቡትን ምንም ማድረግ አልችልም። ጋዜጣም እንዲሁ ነበር፤ ልዩነቱ ጋዜጣ በማግስቱ ዕቃ መጠቅለያ ይሆናል፣ ይህን ግን ሰው አጥፎ ያስቀምጠዋል።

አሥር ሰዓት ላይ መርማሪው ደወለልኝ። አቶ ሀመሶን አግኝተዋቸዋል። ዱካሞ በዋስ ወጥቷል። ኩርባው ላይ የነበረው ፍጥነት ገና ይጣራል፣ የሁለቱም። የኬላው ጥርጣሬ ግን ተነስቷል። «አመሰግናለሁ» አለኝ። ለምን እንደሚያመሰግነኝ ሁለታችንም እናውቃለን፣ አልተመቸንም።

የእርማት ጽሑፍ አረቀቅኩ። አራት መስመር። ስሠራ ብዙ እርማት ጽፌያለሁ፣ የሌሎችን። የነሱ ከጸሎት ማስታወቂያና ከጨረታ መካከል ትንሽ ቦታ ላይ ይወጣ ነበር፣ ማንም እንዳያየው።

ነጂብ ሰው ማየት ጀምሯል። ነገ እሄዳለሁ። ታደለች አብሬህ ልምጣ አለች፣ ብቻዬን ይሻላል አልኳት። «ቤተ ክርስቲያንስ?» አላለችም።

እሁድ፣ ኅዳር 15

ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ በታች በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው። ላለማየት ሞከርኩ፣ ሳየው አየኝ።

«እየው ጋሼ» አለ። «እኔም ገና እየለመድኩት ነው።»

ከስቷል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፣ ሦስቱን እሁድ፣ አራቱን ቀን፣ አሥራ አንዱን መኪና፣ አርብ የሰጠሁትን ቃል። ሳላስረዝም። ከድር አስቀድሞ የነገረው ይመስለኛል፣ አላቋረጠኝም።

ስጨርስ ዓይኑን ወደ ጣራው አነሳ።

«ጥሩንባውን ሰምቼዋለሁ» አለ።

ወንበሬን ወደ አልጋው አስጠጋሁ።

«በደንብ ሰምቼዋለሁ። ረጅም ነበር። ከታች ካለው አስፋልት ነው ብዬ አሰብኩ። እሁድ እዚህ መኪና የለም፣ ጋሼ ሦስት ጊዜ አይቷል አልኩ። በዚህ ቃል ነው ያሰብኩት። ፍሬኑን አልያዝኩም።»

ማክሰኞ ዕለት ፍሬኑን ለምን እንዳየሁ ገባኝ። የተሰበረ ነገር ፈልጌ ነበር፣ ከኔ ዓረፍተ ነገር ሌላ።

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። እሺም እንቢም አላለም። እንዲል አልጠበቅኩም፣ ገና ነው። ኪሴ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀኝ፣ እጄ ደጋግሞ ሲሄድበት አይቷል። የእርማቱን ረቂቅ ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበው፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ስምህ የለበትም።»

«እርማት ላይ ስም አይጻፍም፣ ልማዱ እንደዚያ ነው።»

«ስሕተቱ ላይ ግን አለ» አለ።

እስክሪብቶ አውጥቼ አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፌ ጻፍኩት። ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ። መልሼ ሰጠሁት፣ አየውና ትራሱ ሥር አደረገው።

«አምስተኛውን እንዳትሰርዘው» አለኝ። «ሰርዘህ እንደሆነ መልሰው። የገበያውን ቀን ጨምርበትና። ላይ የሚታየው ሐይቅ ውሸት አይደለም።» ትንሽ አረፈ። «ነገ ነው አይደል ገበያው?»

«ነገ ነው። ሰኞ።»

«እንግዲያው ገበያው ሲያልፍ ማክሰኞ ሄደህ ሐይቁን እየው። ብስክሌትህን ግፋ እንጂ አትንዳ። ለነገሩ ሁልጊዜም ትገፋ ነበር።»

ሊስቅ ሞከረ፣ ሕመሙ ያዘው። ነርሷ መጥታ ይበቃል አለችኝ።

ስወጣ ከድር ወደ ክፍሉ እየገባ ነበር። በሩ ላይ ተገናኘን። ወደ ጎን ቆመና እስካልፍ በሩን ያዘው። ለኔ ይሁን፣ ወይም ከኋላዬ ትሪ ይዛ ለምትወጣው ነርስ፣ አላውቅም።